ምንጣፉን ለምን አነሳኸው?

ጥቅምት 12

ለአለቃዬ፣

ደብዳቤሽን ትናንት መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ከሾፌሩ እጅ ተቀበልኩ። «ፍሬን፣ ሚስትህ ዛሬም ትጽፍልሃለች? የኔዋ እኮ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን እንኳን አታናግረኝም» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። አውቶቡስ መንዳት ካቆምኩ ይኸው ፀጉሬ አልቋል፣ እነሱ ግን ያወጡልኝን ስም አልረሱም። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሾፌር በዚህ ዓለም ይቅርታ የለውም።

ከሁሉ በፊት የሚጢጢን ነገር በደንብ ጻፊልኝ። «ልጃችን ደህና ናት፣ ሐኪሙ እረፊ ብሏት ነው» ብለሽ አልፈሻል። ደህና የሆነች ነፍሰ ጡር እስክትወልድ ከአልጋ አትውረጂ አትባልም። ባሏስ ከመርከቡ የሚወርደው መቼ ነው? በስልክ እነግርሃለሁ እንዳትይኝ ብቻ። ስልክ ለኔ ጆሮ ንብ የገባበት ቆርቆሮ ሆኗል። ባለፈው ሚጢጢ «አባዬ፣ ናፍቀኸኛል» ስትለኝ «ምን ጠፋብሽ?» ብዬ ስጮህ አስተማሪዋ ከጓሮ ክፍሏ በሩጫ መጣች። ተከራይ ያስደነገጥኩት ይበቃኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ። የልብ መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው። እግሬ ያን ያህል አላበጠም፤ የካልሲው ላስቲክ ምልክት ይተዋል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ስንት ትራስ ትንተራሳለህ ላልሽው፣ ያንቺም ትራስ ሥራ ፈቶ ስለተቀመጠ ደርቤዋለሁ። ናፍቆት ነው ብለሽ ውሰጂው።

ምንጣፉን ለምን አነሳኸው ነው ያልሽኝ? አቧራ ይዞ ነው። ይሄ ወንድምሽ ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር የቤቱን ዕቃ ቆጥሮ ሊነግርሽ ነው እንዴ? የግንባሬንም ነገር አጋንኖ ነው ያወራልሽ። የቁም ሳጥኑን በር ክፍት ትቼው ዞር ስል አገኘኝ፣ በቃ። ትንሽ ጭረት ናት። ቁም ሳጥኑም ደህና ነው።

ልጄን አደራ። እኔን ተይኝ።

ፍሬን ያንቺ


ጥቅምት 23

ለልጄ አባት፣

ሰላምታው ይቆይና መጀመሪያ ልቆጣህ።

የቁም ሳጥኑ በር የሚከፈተው ወደ ግድግዳው ነው። ከገዛነው ቀን ጀምሮ በዚህ ሳማርር የኖርኩት እኔ ነኝ። እንዴት አድርጎ ግንባርህን እንዳገኘው ስመለስ ቆመህ ታሳየኛለህ። ያ ምንጣፍ ደግሞ ከደረጃው ግርጌ ያለው ነው። ጫፉ ይነሳል፣ አንድ ቀን ይጥልሃል ብዬ ስጨቀጭቅህ «የእናቴ ነው» ብለህ እምቢ ያልከኝ ምንጣፍ። አሁን አቧራ ይዞ አነሳሁት ትለኛለህ። አቧራ ከመቼ ወዲህ ነው አንተን የሚያሳስብህ?

ሚጢጢ ያው ናት። ደም ግፊቷ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ደግሞ ይወርዳል። ፊቷ አበጥ ብሏል፤ ጠግበሽ ነው እላታለሁ፣ ትስቃለች። ባሏ መርከቡ ወደብ ካልደረሰ መውረጃ የለውም። እኔ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው፤ ወገቤን አትጠይቀኝ። የተለየ ነገር ካለ እጽፍልሃለሁ።

አንተ ብቻ ከአልጋ ስትነሳ ዘለህ አትነሳ። ቁጭ በል፣ እግርህን አንጠልጥለህ ቆይ፣ ጭንቅላትህ ሲረጋ ተነሳ። አውቶቡሱን ሳታሞቅ አታንቀሳቅስም ነበር፤ ራስህን ለምን ሳታሞቅ ትነዳዋለህ? ያ ውሃ የሚያወጣው ክኒን ሽንት ቤት እንደሚያሯሩጥህ አውቃለሁ። ጠዋት ዋጠው፣ አታምሽበት። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ሲረጥብ ጥረገው።

ወንድሜ የነገረኝን ሌላውን ነገር ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። በሱ በኩል የላክሁብህን ጥያቄ ግን ሳትዞር ሳትጠመዘዝ መልስልኝ። ቀልቤ አልወደደውም።

ያንተው


ኅዳር 4

ለአለቃዬ፣

የእጅ ጽሑፉ ስላማረ አትደንግጪ። የምትጽፍልኝ አስተማሪዋ ናት። መነጽሬ ተሰብሯል፤ እስኪሠራ ድረስ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደሌን እያረመች ሐሳቤንም እንዳታርመው ፈርቻለሁ።

በወንድምሽ በኩል ለላክሽብኝ መልሱ ይኸው። አዎ፣ አልጋውን ወደ ምድር ቤት አውርደነዋል። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ፎቅ ላይ ብቻዬን ምን እሠራለሁ? አሁን በመስኮቱ መንገደኛውን እያየሁ ጋደም እላለሁ። ሽንት ቤቱም ቅርብ ነው። መታጠቢያ ቤት የፕላስቲክ ወንበር አስገብቻለሁ። ቁጭ ብሎ መታጠብ የሹማምንት ወግ ነው፤ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳላሰብኩት ይገርመኛል። ያቺን ነጠላ ጫማዬንም ጥያታለሁ፤ ስትለምኚኝ የኖርሽው ነው፣ ደስ ይበልሽ።

የመኪናዋን ቁልፍ ለወንድምሽ የሰጠሁት ቆማ እንዳትበላሽ ነው። አንቺ ከሌለሽ የት እሄድባታለሁ?

ስለ ክኒኑ የጻፍሽውን ሰምቻለሁ።

የሚጢጢ ፊት አበጠ ያልሽው ግን አልጣመኝም። ጥጋብ ፊት አያሳብጥም። ከኔ የምትደብቁት ነገር እንዳይኖር።

ከታች የፈረምኩት እኔው ነኝ።

ፍሬን

እትዬ፣ የተባልኩትን ብቻ ነው የጻፍኩት። አስተማሪዋ።


ኅዳር 15

ለፍሬን፣

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ቤታችንን በሐሳቤ ዞርኩ። ምንጣፉ ተነስቷል። አልጋው ወርዷል። ነጠላ ጫማው ተጥሏል። መታጠቢያ ቤት ወንበር ገብቷል። ወይ ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጥተኸዋል፣ ወይ አንተ ወድቀሃል።

አንጀቴን የቆረጠው ግን ቁልፉ ነው። አንተ ቁልፍህን ለሰው የምትሰጥ ሰው ነህ? እኔ ራሴ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ስለማመጥህ «የመኪናዋን ፍሬን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» ብለህ የከለከልከኝ ሰውዬ፣ ለወንድሜ ሰጠሁት ትለኛለህ! ለዚያውም መኪና ሲነዳ የሰው ግንብ ላፈረሰው ወንድሜ!

ደግሞ መነጽር የተሰበረበት ሰው ማንበብ ያቅተዋል እንጂ ስሙን መፈረም አያቅተውም። ፊርማህን የጋብቻ ወረቀታችን ላይ ስንት ዘመን አይቼዋለሁ። ይሄኛው የግራ እጅ ነው። ቀኝ እጅህን ምን አገኘው?

አስተማሪዋ ጋ ደወልኩ። እሷን ልቆጣ ብትል ወዮልህ፤ ምንም አልነገረችኝም። «ወድቋል?» አልኳት። «ደጋግሞ?» አልኳት። «እትዬ፣ እሳቸውን ይጠይቋቸው፤ እኔ ቃል አስገብተውኛል» አለችኝና ድምጿ ተሰበረ። ስልኩን ዘግቼ ማዕድ ቤት ገባሁ። ሚጢጢ እንዳትሰማኝ ቧንቧውን ከፈትኩና አለቀስኩ።

አሁን መውደቅህን አትንገረኝ፤ እሱን አውቄዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልትወድቅ ስትል ምን ይሰማሃል? ከመሬት ላይ ስትነሳ ያለውን አይደለም የምጠይቅህ፤ ከዚያ በፊት ያለውን ነው።

ያንተው፣ የተናደደችው


ኅዳር 27

ለአለቃዬ፣

ዛሬም የምትጽፈው አስተማሪዋ ናት። አንዲት ነገር ካስቀሩ እስክሪብቶውን ጥዬ እሄዳለሁ ብላኛለች፤ ስለዚህ አላስቀርም።

ወድቄያለሁ። መጀመሪያ ከደረጃው ግርጌ ነው፤ ምንጣፉን ረግሜ ጠቅልዬ አነሳሁት። ቀጥሎ መታጠቢያ ቤት ነው፤ ነጠላ ጫማዋ ላይ ፈረድኩባት። ከዚያ ደግሞ በር ላይ ቆሜ ከአስተማሪዋ ጋር እያወራሁ ወደቅኩ። እዚያ ምንጣፍ የለም፣ ውሃ የለም፣ ጫማዬም ደህና ነበር። እጄ የተሰበረው፣ መነጽሬም የደቀቀው ያን ጊዜ ነው።

ልትወድቅ ስትል ምን ይሰማሃል አልሽኝ። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ምንም አይሰማኝም። መደናቀፌ ትዝ አይለኝም። ቆሜ ነበር፣ ከዚያ መሬት ላይ ነኝ። መሃል ላይ ያለው ተቆርጦ የወጣ ፊልም ይመስላል።

ቁልፉን የሰጠሁበትን ልንገርሽ። የትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ ነበር። ኋላዬ ያሉት ጡሩንባ ሲያንባርቁብኝ ነቃሁ። ቀዩ ወደ አረንጓዴ ተቀይሯል፣ መቼ እንደተቀየረ አላውቅም። እግሬ ፍሬኑ ላይ እንዳለ ነው። አንዲት ሴት ልጇን በጋሪ እየገፋች ከፊቴ አስፋልቱን አቋርጣ ስትወጣ ጀርባዋን አየሁ። እግሬ ለቆት ቢሆንስ? ያን ሁሉ ዘመን ያን ሁሉ ሕዝብ ጭኜ አንድ ሰው ሳልነካ ጡረታ ወጥቻለሁ። መኪናዋን ጥግ አስያዝኩ፣ ወንድምሽን አስጠርቼ ቁልፉን ሰጠሁትና በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው የሄድኩት።

ክኒኑንም ትቼው ነበር። ወደ ሽንት ቤት የሚያስሮጠኝ፣ የሚጥለኝም እሱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለኝ፤ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር።

በመጨረሻ አስተማሪዋ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው የልብ ምት የምትመዘግብ ትንሽ ማሽን አሸክመው ላኩኝ። ስመለስ ሐኪሟ፣ የሚጢጢ እኩያ ትሆናለች፣ ወረቀቱን ዘርግታ «አባባ፣ ይቺ መስመር የርስዎ ልብ ናት፤ እዚህ ጋ ይመልከቱ» አለችኝ። መስመሯ ትዘላለች፣ ትዘላለች፣ ከዚያ ቀጥ ትላለች። ሰው የሌለበት አስፋልት። «የሚጥልዎ እግርዎ አይደለም። ልብዎ ለአፍታ ይቆማል፣ ጭንቅላትዎ ደም ያጣል፣ ከዚያ ይወድቃሉ። ክኒኑም በራስዎ ፈቃድ የሚተው አይደለም» ብላ ተቆጣችኝ። መጠኑን አስተካክላ መለሰችልኝ።

ደረቴ ላይ ከቆዳው ሥር፣ ልቤ ልትቆም ስትል የሚያስነሳት የልብ ባትሪ መግባት አለበት። ቶሎ ይሁን ብላለች። «በሚቀጥለው ጭንቅላትዎን ቢመቱስ?» አለችኝ። «ሚስቴ ስትመጣ እፈርማለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ነይልኝ። ይህን ቃል ለማስጻፍ አስተማሪዋን ስንቴ «ቆዪ» እንዳልኳት እሷ ትመስክር። ለሚጢጢ ምክንያት ፈልጊላት። አንቺ አጠገቤ ከሌለሽ እዚያ ክፍል አልገባም።

ፍሬን


ታኅሣሥ 6

ለልጄ አባት፣

ሻንጣዬን ዘግቼ ነበር። ከሁሉ በፊት ይህን እወቅልኝ። ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ልብሴን ከተትኩ፣ ቲኬት ቆረጥኩ፣ ከዚያ ልሰናበታት ሆስፒታል ሄድኩ።

ሆስፒታል ስልህ ደነገጥክ። አዎ፣ ሚጢጢ ከገባች ሰነበተች። ደም ግፊቷ አልወርድ አለ፣ ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ብዥ ይልባታል። ቀኗ ገና ነው፣ ሐኪሞቹ ግን ነገሩ ከከፋ ሳንጠብቅ እናዋልዳታለን ይላሉ። ሁለቱንም እንዳያጡ ይፈራሉ። እኔ ልብህን ፈርቼ ደበቅኩህ፤ አንተ ልጅህን አስበህ ደበቅኸኝ። በመሃል እኔ የሁለታችሁንም ጉድ ይዤ ሶፋ ላይ ስገላበጥ ከረምኩ።

ሻንጣውን ከበር ውጭ ትቼ ነው የገባሁት፤ ግን ነቃችብኝ፣ ያንተ ልጅ አይደለች! «አባዬ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። «እማዬ፣ ሂጂ» አለች። እጄን ግን አልለቀቀችም። በአፏ ሂጂ ትለኛለች፣ በእጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛኛለች።

አልመጣም።

ይህን ጽፌ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። አልመጣም። ባሏ ባሕር ላይ ነው፣ እሷ ከኔ ሌላ ሰው የላትም። አንተን የሚያድንህ ደግሞ ያ ባትሪ ነው እንጂ የኔ እጅ አይደለም። እኔን ስትጠብቅ ወድቀህ ብትቀር በየትኛው እግሬ እዚያ ቤት እገባለሁ?

ስለዚህ ሂድና ፈርም። ወንድሜ ይወስድሃል፣ ደውዬለታለሁ። እሱ አይንዳ ካልክ ታክሲ ያዙ። ጨካኝ ናት በለኝ፣ ግድ የለም። ብቻ በሕይወት ኖረህ ጨካኝ በለኝ።

ያንተው


ታኅሣሥ 12

ለልጄ እናት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የሚጢጢን ነገር አሁንም ቢሆን ማወቄ ይሻላል። ሰኞ እገባለሁ። ወንድምሽ አብሮኝ ይሆናል። የቤቱን ቁልፍ አስተማሪዋ ትይዛለች። ሌላ የምለው የለኝም።

ከልጄ አጠገብ አትራቂ።


ታኅሣሥ 21

ለፍሬን፣

አለቃዬ ሳትል የጻፍክልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ብርዱ ከፖስታው ውጭ ድረስ ይሰማል። ይሁን።

ሴት ልጅ ናት። በጥድፊያ በቀዶ ጥገና አወጧት። ካንተ ጫማ አትበልጥም። ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ስላለች በመስተዋት ነው የማያት። ጆሮዎቿ ቁርጥ ያንተ ናቸው፤ ይስሙላት እንጂ። ሚጢጢ ገና ራሷን በደንብ አላወቀችም። ዓይኗን ትገልጣለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ሐኪሞቹ ይሻላታል ይሉኛል፤ እኔ አፋቸውን ትቼ ዓይናቸውን ነው የማየው።

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲያስሮጧት ስልኬ ከእጄ ወድቆ ደቀቀ። የማንንም ቁጥር በቃሌ አላውቅም። ሰኞ አለፈ። ገብተህ ይሆን? ወጥተህ ይሆን? እዚህ ኮሪደር ላይ የሰው ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ከዚያ የኔ እንዳልሆነ ትዝ ይለኝና እቀመጣለሁ።

ያን ደብዳቤ ስጽፍልህ ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ትክክል ነኝ። ግን ትክክል መሆን እንቅልፍ አይሰጥም። አንድ ቃል ላክልኝ። ተናድደህ ከሆነም ተናድጃለሁ ብለህ ላክልኝ።

ያንተው


ጥር 7

ለአለቃዬ፣

«ወጥቷል፣ ደህና ነው» ብላ አስተማሪዋ የላከችልሽ ወረቀት እንደደረሰሽ ሾፌሩ ነገረኝ። ይሄኛውን የምጽፈው እኔው በቀኝ እጄ ነው። ጄሶው ተፈቷል፣ መነጽሬም ተሠርቷል፣ ፊደሌ ግን እንደ ጀማሪ ተማሪ ይንገዳገዳል።

ስልክሽ መሰበሩን አላወቅሁም። ዝም ያልሽኝ መስሎኝ ሆስፒታል ተኝቼ አኩርፌ ነበር። ደብዳቤሽ ሲመጣ አስተማሪዋ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አነበበችልኝ። ጆሮዎቿ የሚለው ጋ ስትደርስ እሷ ማንበብ አቃታት፣ እኔም መስማት።

ባትሪው ገብቷል። ከግራ ትከሻዬ ሥር ጉብ ብሎ ይታያል። ለጊዜው ግራ እጄን ከፍ እንዳላደርግ ተከልክያለሁ። የመናኸሪያ ልጆች ሊጠይቁኝ መጥተው «ባትሪህ ሲደክም ገፍተን እናስነሳሃለን» አሉኝ። ነርሷ አስወጣቻቸው።

አሁን የማልቀልድበትን ልንገርሽ። ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ አንድ ግንበኛ ነበር፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ ዳሌው ተሰብሮ የገባ። «ምን ጣለህ?» አልኩት። «ምንጣፍ» አለኝ። «እኔንም ምንጣፍ ነበር» አልኩት። ተያየንና እስኪያመን ሳቅን። ብቻውን ነው የሚኖረው። ልጁ መጥታ እስክታገኘው ድረስ ወለሉ ላይ ቆይቷል። ልቡ እንደኔው ሲዳከም ከርሞ ኖሯል፤ እሱ ግን እርጅና ነው እያለ ሐኪም ዘንድ ሄዶ አያውቅም።

ሊወስዱኝ ሲመጡ ነርሷ «ከርስዎ ጋር ማን አለ?» አለችኝ። ወንድምሽ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሄዷል። ማንም ልላት አፌን ስከፍት ግንበኛው ከአልጋው ሆኖ «እኔ አለሁ» አላት። መገላበጥ እንኳን የማይችል ሰው! ነርሷም እሺ ብላ ስሙን ጠይቃ ጻፈችው። እንደዚያ ሆኜ ገባሁ።

ስመለስ «እንኳን ወጣህ» አለኝ። በማግስቱ ስነቃ አልጋው ባዶ ነበር፣ አንሶላው ተቀይሯል። ልጁ ኮሪደሩ ላይ ጫማውን በፌስታል ይዛ ቆማለች። «አባትሽ ከኔ ጋር ነበር» አልኳት። ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አለቀሰች፤ ባትሪው ያለበት ትከሻዬ ላይ፣ አላወቀችም። ያማል፣ ግን ትከሻዬን አላሸሸሁም።

ያን ቀን ገባኝ። አልመጣም ባትይኝ ኖሮ ዛሬም እየጠበቅሁሽ ነበር። ባትሪውን አልነበረም የፈራሁት። ሰው ደግፎ የሚያነሳኝ ሰው መሆኔን ነው የፈራሁት። ያን ባንቺ ፊት ካልሆነ አልችለውም ብዬ ነው። በሰው ፊት ሆነ፤ ተቻለ። ፈርቼ ነበር፣ እስከ አንገቴ ፈርቼ ነበር። አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ ይህን አልነግርሽም።

ሚጢጢ ቁጭ ብላ ሾርባ ጠጣች ብሎ ሾፌሩ ሲነግረኝ ከደስታ የምገባበት ጠፋኝ። ትንሿም ከሳጥኑ ወጣች አሉ። አትቸኩይ። እነሱ እስኪጸኑ ቆዪ። ወንድምሽ እኔ ጋ ያድራል። ያንኮራፋል ይላሉ፤ እኔ እንደሆን አልሰማውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ወደቅኩ። ከደጃፉ እርከን ስወርድ ነው። ዛሬ ጠዋት ቀጠሮ ስለነበረኝ ለሐኪሟ ነገርኳት፤ ባትሪውን በማሽን አየችውና ልቤ ምንም እንዳላጓደለ ነገረችኝ። ይሄኛው የእግሬ ነው፤ ተኝቼ ከርሜ ጡንቻዬ ሟሙቷል። የእግር እንቅስቃሴ አዘዘችልኝ፣ ከዘራም ያዝ አለችኝ። እይዛለሁ። ትናንት ስወድቅ ግን እግሬ ሲንሸራተት ተሰማኝ፣ መሬቱም ወደኔ ሲመጣ አየሁት፣ እጄንም ዘረጋሁ። ጉልበቴ ተልጧል፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ስወድቅ ያየኝ ሰው የለም። ወንድምሽ ገበያ ነበር፣ አስተማሪዋም ትምህርት ቤት። አንቺም ሳትጠይቂኝ ነው የነገርኩሽ።

ፍሬን